31 የገባበት በረኛ

የምኖረው ሲያትል ነው። ሥራዬ ሲታክ አየር ማረፊያ፣ ሌሊት፣ ሻንጣ መጫንና ማውረድ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ በረራው ሳሳ ይላል። ያኔ ነው ሰው ከሰው ጋር የሚጨዋወተው።

አንድ የሳሞአ ሰው አብሮኝ ይሠራል። ትከሻው በር ይሞላል፤ ድምፁ ግን ለስላሳ ነው። "ኡሶ" ነው የሚለኝ። በቋንቋቸው ወንድሜ እንደማለት ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ቡና ስንጠጣ ጣቶቼን አየ። ሁለቱን በፕላስተር አስሬያቸው ነበር።

"ምን ሆነህ ነው?" አለኝ።

"እሑድ ኳስ ስይዝ ታጥፎብኝ ነው።"

"በረኛ ነህ እንዴ?"

"ነኝ።"

ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ "ኒኪ ሳላፑን ታውቀዋለህ?" ብሎ ጠየቀኝ።

እንዴት አላውቀውም! በረኛ ሆኖ ይህን ስም የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። "በአንድ ጨዋታ 31 ጎል የገባበት ነዋ!" አልኩት፤ ፈጠን ብዬ፣ መልስ እንደሚያውቅ ተማሪ።

ፊቱ ቅጭም አለ። "እኔ ስሙን ጠራሁልህ፤ አንተ ቁጥሩን ነገርከኝ" አለ። ቡናውን ጨልጦ ተነሳ። ያን ሌሊት ሌላ ነገር አላወራንም።

ነገሩ እስከ ቤቴ ተከተለኝ። የከነከነኝ ሰውየውን ስላስቀየምኩት ብቻ አይደለም። እኔም በቁጥር ተጠርቼ ስለማውቅ ነው።

ያደግኩት አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ነው። ሰፈራችን ዳገት ነው። ኳስ የምንጫወትባት ቦታ በአንድ ጎኗ ቁልቁለት ነበረች። መረብ የሚባል ነገር የለም። ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው። አግዳሚ ስለሌለው "ከላይ ነው!" "ገብቷል!" እየተባለ ግማሹ ጊዜ በክርክር ያልቃል። በረኛ ያደረገኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። "አንተ እዚህ ቁም" አለኝ፤ ቆምኩ። በኋላ ግን ወደድኩት። ኳሱ ከእግር ወጥቶ እኔ ጋ ሳይደርስ ያለችው ቅጽበት አለች። ሁሉም ዝም ይላል። እስካሁን ከኳስ ሁሉ የምትበልጥብኝ እሷ ናት።

13 ዓመቴ ላይ ከታች ሰፈር ልጆች ጋር ተወራርደን ገጠምን። 6 ለ 0 ተሸነፍን። መረብ ስለሌለ ጎል በገባ ቁጥር ኳሱ ቁልቁል ይንከባለላል። ማምጣት የበረኛው ሥራ ነው። ስድስት ጊዜ እስከ ወንዙ ዳር ወረድኩ። ስድስት ጊዜ ጭቃ የጠጣ ኳስ ደረቴ ላይ አቅፌ ዳገቱን ወጣሁ። ላይ ስደርስ ሁሉም ቆሞ እኔን ይጠብቃል። ጎሎቹ እንዴት እንደገቡ ዛሬ በደንብ አላስታውስም። ዳገቱን ግን አስታውሳለሁ።

ከዚያ ወዲያ ስሜ "ስድስቱ" ሆነ። ሱቅ ስላክ ባለ ሱቁ ሳይቀር "ስድስቱ፣ ምን ልስጥህ?" ይለኝ ነበር። ክፋት አልነበረውም። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ጎል ውስጥ አልቆምኩም። እማዬ "ኳስ ተውክ እንዴ?" ስትለኝ ትምህርት በዛብኝ እላት ነበር።

ስድስት ጎል፣ አንድ ሰፈር፣ ሁለት ዓመት። የኒኪ ሳላፑ ደግሞ 31 ጎል፣ ዓለም በሙሉ፣ ከአሥር ዓመት በላይ። ይህን ሳሰላ ነው ቁጥሩን ትቼ ሰውየውን ማወቅ የፈለግኩት።

(ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

መጀመሪያ ስለ አገሩ። ሳሞአ ሁለት ናት። አንዷ ራሷን የቻለች አገር ናት። ሌላዋ አሜሪካን ሳሞአ ከ1900 ጀምሮ በአሜሪካ ሥር ናት። ትልቋ ደሴቷ ቱቱዊላ ትባላለች። ዋና ከተማዋን ስንጽፍ ፓጎ ፓጎ እንላለን፤ ባለቤቶቹ ግን "ፓንጎ ፓንጎ" ነው የሚሏት። ይህን ያረመኝ ባልደረባዬ ነው። በ2000 የሕዝብ ቆጠራ ጠቅላላው ሰው 57 ሺህ ገደማ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ክፍለ ከተማ እንኳ ከዚህ ብዙ እጥፍ ሰው አለው።

እዚያ ደሴት ላይ ሥራ ማለት የመንግሥት ቢሮ፣ የቱና ዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ፣ ወይም የአሜሪካ ጦር ነው። የወንድ ልጅ ሕልም ደግሞ ያ እንቁላል የሚመስለው ኳስ ነው፤ የአሜሪካኖቹ እግር ኳስ። ከዚያች ትንሽ ደሴት ወደ አሜሪካ ትልቁ ሊግ የሄዱት ልጆች ብዛት ያስገርማል። የእኛው እግር ኳስ ከኋላ የሚከተል ታናሽ ወንድም ነው። ፊፋን የተቀላቀሉት በ1998 ነው። ሳላፑ ይህን ታናሽ ወንድም መረጠ። በዚያ ላይ በረኝነትን።

ሚያዝያ 2001 ለ2002ቱ የዓለም ዋንጫ የኦሺኒያ (የአውስትራሊያና የፓስፊክ ደሴቶች አካባቢ) ማጣሪያ አውስትራሊያ ውስጥ ኮፍስ ሃርበር በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተዘጋጀ። አሜሪካን ሳሞአ 20 ተጫዋች መርጣ ነበር። ከዚያ የፓስፖርት ጉዳይ መጣ። ፊፋ የአሜሪካ ፓስፖርት የሌለው ለዚህ ቡድን መጫወት አይችልም አለ። ዝርዝሩ ሲታይ መስፈርቱን ያሟላው አንድ ሰው ብቻ ሆኖ ተገኘ። በረኛው ኒኪ ሳላፑ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። እኛ ውጭ የምንኖር ሐበሾች "ወረቀት" የሚለውን ቃል እንዴት እንደምንጠራው ታውቃላችሁ። "ወረቀት አለው?" "ወረቀቱ ወጣለት?" "ወረቀት ይዞት ነው እንጂ ይመጣ ነበር።" የሰው ሕይወት በአንድ ወረቀት ሲከፈትና ሲዘጋ አይተናል። ወረቀት ያለው ይሻገራል፤ የሌለው ይቀራል። በሳላፑ የሆነው ግን ሌላ ነው። ወረቀት ያልነበራቸው ቀሩ፤ ስማቸውንም ማንም አላነሳው። ወረቀቱ የተሟላለት እሱ ሄዶ ቆመ። ሌሎቹ 19 ሰዎች ያን ቀን ከፊቱ ቢኖሩ ምናልባት ውጤቱ 10 ለ 0 ይሆን ነበር። 10 ለ 0 ደግሞ ማንም አያስታውሰውም።

የተተኪው ነገርም ቀላል አልነበረም። ከ20 ዓመት በታች ቡድኑን እንዳይወስዱ ልጆቹ የሁለተኛ ደረጃ ፈተና ላይ ነበሩ። አሰልጣኙ ቱኖአ ሉኢ ያገኙትን ሰበሰቡ። ሦስቱ 15 ዓመታቸው ነበር። የቡድኑ አማካይ ዕድሜ 18። ከመካከላቸው 90 ደቂቃ ሙሉ ተጫውተው የማያውቁ ነበሩ። ሳላፑ ራሱ 20 ዓመቱ ነው። በእነዚህ ልጆች መካከል ሽማግሌ ነው ማለት ይቻላል።

ከአውስትራሊያ በፊት በፊጂ 13 ለ 0፣ በጎረቤታቸው በሳሞአ 8 ለ 0 ተሸነፉ። አውስትራሊያ ደግሞ ከሁለት ቀን በፊት ቶንጋን 22 ለ 0 አሸንፋ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራ ነበር። ያ ክብረ ወሰን የቆየው ሁለት ቀን ብቻ ነው።

ሚያዝያ 11 ቀን 2001፣ ረቡዕ። ተጋጣሚ አውስትራሊያ። ተመልካቹ ሦስት ሺህ ያህል ነው።

የጎሎቹን ደቂቃ ወረቀት ላይ ጽፌ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ለምን እንዳደረግኩት አላውቅም። ምናልባት ዳገቱን ለማየት ይሆናል። የመጀመሪያው ጎል የገባው በ10ኛው ደቂቃ ነው። ኮን ቡትሲያኒስ አስቆጠረ። ስለዚህ ወደ አሥር ደቂቃ የሚጠጋ ጊዜ 0 ለ 0 ነበር። ከዚያ በ12ኛው። በ13ኛው። በ14ኛው። በ17። በ19። በ21። በ23። በ25። በ27። በ29። ይህን ስጽፍ እጄ ደከመኝ። ሰው አንድ ጎል ሲገባበት ትንፋሽ መሰብሰቢያ ይፈልጋል። ጓንቱን ያጠብቃል፣ ቋሚውን ይነካል፣ ተከላካዮቹን ይጠራል። እዚህ ግን ጓንት ለማጥበቅ እንኳ ጊዜ የለም። ኳሱ ከመረብ ይወጣል፣ መሃል ሜዳ ይሄዳል፣ ይመለሳል። እረፍት ሲወጡ 16 ለ 0።

እኔ 6 ለ 0 ሆኖ ጨዋታው ሲያልቅ ዳኛ ስለሌለ "በቃ" የሚል ሰው ፈልጌ ነበር። እሱ ግን እረፍት ገብቶ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ እንደገና ወጥቶ ጎሉ ውስጥ ቆመ። ከጠቅላላው ታሪክ እኔን የሚይዘኝ ይህ 15 ደቂቃ ነው። ከእረፍት ክፍሉ ወጥቶ ሜዳውን አቋርጦ ወደ ጎሉ የሄደበት። ማንም አላስገደደውም። "ታምሜያለሁ" ማለት ይችል ነበር።

ከእረፍት መልስ በ50፣ በ51፣ በ55፣ በ56፣ በ58፣ በ60፣ በ65፣ በ66። አሁን 24 ለ 0 ሆኗል። ወረቀቴ ላይ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር 78 ነው።

መጀመሪያ የተሳሳትኩ መሰለኝ። ደግሜ ቆጠርኩ። ልክ ነው። ከ66ኛው እስከ 78ኛው ደቂቃ ጎል የለም። 24 የገባበት በረኛ፣ ከፊቱ የደከሙ የ15ና የ16 ዓመት ልጆች፣ ከወዲያ ደግሞ ጎል ማግባት ያላቆመ የባለሙያ ቡድን። በእነዚህ 12 ደቂቃዎች ውስጥ ምንም አልገባም። ስለ ጨዋታው በተጻፈው ሁሉ 31 የሚለው ቁጥር አለ። ስለ 12ቱ ደቂቃ የተናገረ ግን እኔ አልገጠመኝም። እኔ ብሆን አስፋልት ላይ በኖራ እጽፈው ነበር።

ሳላፑ ያን ቀን ብዙ ኳስ አድኗል። ጨዋታውን ያዩ ሰዎች ይህን መስክረውለታል። እሱ ባይሆን 40ም 50ም ይገባ ነበር የሚሉ አሉ። በ86ኛው ደቂቃ ደግሞ የእሱ ቡድን አንድ ኳስ ወደ አውስትራሊያ ጎል መታ። የአውስትራሊያው በረኛ ማይክል ፔትኮቪች ያዘው። ያን ያህል ቆሞ የዋለ በረኛ እጁ ላይ ኳስ ሲያርፍ ምን ተሰምቶት ይሆን?

አርቺ ቶምፕሰን ብቻውን 13 አገባ። ዴቪድ ዝድሪሊች 8። ሲያልቅ የሜዳው ሰሌዳ 32 ለ 0 ይላል። የሚቆጥሩት ሰዎች ራሳቸው ተምታቶባቸው ነበር። ኋላ ታርሞ 31 ሆነ። ከሦስት ቀን በኋላ ቡድኑ ቶንጋን ገጥሞ 5 ለ 0 ተሸነፈ። በአራት ጨዋታ 57 ገባበት፤ አንድም አላገባ።

"አውስትራሊያ ለምን አልተወችም? ጭካኔ ነው" የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ አልስማማም። እየሳቁ ኳስ በማንከባለል 20 ደቂቃ ማሳለፍ ለሜዳው ልጆች የባሰ ውርደት ነው። ሰፈር ውስጥ "አትምታ፣ ተወው፣ ያሳዝናል" የተባለልኝ ቀን ከስድስቱ ጎል ይልቅ አሞኛል። ጥፋቱ የባለሙያ ቡድንንና የተማሪ ቡድንን አንድ ምድብ ውስጥ የከተተው አሠራር ነው። ይህም አልቀረም፤ ኦሺኒያ ደካሞቹ ቡድኖች አስቀድመው እርስ በርስ የሚጋጠሙበትን የማጣሪያ ዙር ጀመረ። አውስትራሊያም በ2006 ወደ እስያ ኮንፌዴሬሽን ተዛወረች። ስለዚህ ሳላፑ የሚመኘውን የመልስ ጨዋታ የሚያገኝበት መንገድ ተዘጋ። ምክንያቱም ይመኝ ነበር። ደጋግሞ ተናግሯል። አውስትራሊያን እንደገና መግጠም ነበር የሚፈልገው።

ኋላ ሲያትል መጥቶ ኖረ። የእኔው ከተማ። ምናልባት እኔ አውቶቡስ ስጠብቅ ያለፈ ሰው ሊሆን ይችላል። እዚህ ቤተሰብ መሠረተ፤ ቁጥሩ ግን አብሮት መጣ። ከታሪኩ ሁሉ አንድ ነገር አለ፤ ሌሊት ሻንጣ ሳነሳ ትዝ ይለኛል። ቤቱ ተቀምጦ የቪዲዮ ጨዋታ ይከፍታል። በአንድ ወገን አውስትራሊያ፣ በሌላው የእሱ ቡድን። ሁለተኛው መቆጣጠሪያ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ የሚይዘው ሰው የለም። አውስትራሊያ አትንቀሳቀስም። እሱ ብቻውን ጎል ያገባል፣ ያገባል፣ ያገባል።

ሰው ይህን ሲሰማ ይስቅ ይሆናል። እኔ አልሳቅሁም። 14 ዓመቴ ላይ ሁሉም ምሳ ሊበላ ቤቱ ሲገባ ብቻዬን ሜዳው ላይ ወጥቼ፣ ሁለቱ ድንጋዮች መካከል ቆሜ፣ ኳስ በሌለበት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስወድቅ ውዬ አውቃለሁ። የማላየውን ኳስ ነበር የማድነው። ስድስቱንም።

በመስከረም 2009 መጨረሻ አሜሪካን ሳሞአን ሱናሚ መታት። 34 ሰው ሞተ። ባልደረባዬ ስለዚያ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያወራኝ፤ እዚህ አልጽፈውም። ደሴቲቱ ከዚያ በኋላ ደስ የሚል ነገር ያስፈልጋት እንደነበር ብቻ ልበል።

በ2011 ቶማስ ሮንገን የሚባል ኔዘርላንድ የተወለደ አሰልጣኝ ከአሜሪካ መጣ። ለማጣሪያው ጥቂት ሳምንት ነው የቀረው። ቡድኑ በፊፋ በታወቀ ጨዋታ አንድም ጊዜ አሸንፎ አያውቅም። ሮንገን የድሮውን በረኛ ፈለገው። ሲያትል አገኘው።

ስልክ ሲደወልለት ያለውን ሁኔታ አስባለሁ። ዕድሜው 31 ሆኗል። አዎ፣ 31። ቤተሰብ አለው፣ የሚኖርበት ከተማ አለው። "ተውኝ፣ በቃኝ" ቢል ማንም አይፈርድበትም። ሻንጣውን አነሳና ሄደ።

ኅዳር 22 ቀን 2011፣ አፒያ፣ ጎረቤት ሳሞአ። ተጋጣሚ ቶንጋ። ከአሥር ዓመት በፊት በአንድ ሳምንት ውስጥ አውስትራሊያ ሁለቱንም ያደቀቀቻቸው እነዚሁ ሁለት ቡድኖች ናቸው። በ43ኛው ደቂቃ ራሚን ኦት ከሩቅ መታ፣ ገባ። በ74ኛው ሻሎም ሉአኒ ሁለተኛውን ጨመረ። (ሉአኒ ያን ጊዜ ገና ልጅ ነው። ኋላ ወደዚያው እንቁላል ኳስ ሄዶ ለአሜሪካ ትልቁ ሊግ ደረሰ። በ2018 እዚሁ ሲያትል ለሲሆክስ ተጫውቷል። ያን ጊዜ ይህን ባውቅ ኖሮ ሰልፍ ይዤም ቢሆን አየው ነበር።) በ88ኛው ቶንጋ አንድ አገባች። 2 ለ 1።

የቀሩትን ደቂቃዎች በረኛ የሆነ ሰው ብቻ ነው የሚያውቃቸው። አንድ ጎል መሪ ሆነህ፣ ኳሱ ሳጥንህ ውስጥ እየተንጫጫ፣ ዳኛው ሰዓቱን እያየ ፊሽካውን የማይነፋበት ጊዜ። እግርህ የራስህ አይመስልህም። ለሳላፑ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ጀርባ አሥር ዓመት ከሰባት ወር ቆሟል።

ፊሽካው ተነፋ። አለቀሰ። ያለፈውን ከኋላዬ ትቼ አሁን ሕይወቴን መኖር እችላለሁ የሚል ነገር ተናገረ። አሜሪካን ሳሞአ በፊፋ ውድድር ያሸነፈችው የመጀመሪያዋ ጨዋታ ይህች ናት።

ከሁለት ቀን በኋላ ከኩክ ደሴቶች ጋር 1 ለ 1 ወጡ። በመጨረሻው ከአዘጋጇ ከሳሞአ ጋር ተፋለሙ፤ ማለፍና አለማለፍ በዚያ ጨዋታ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። እስከ መጨረሻዎቹ ደቂቃዎች 0 ለ 0 ሄደው አንዲት ጎል ገባችባቸው። 1 ለ 0። ሳሞአ አለፈች። በሦስት ጨዋታ የገባበት ሦስት ጎል ነው። ሰውየው ያው ነው። ደሴቷም ያችው ናት።

ፊልም ተሠራለት፣ ጋዜጣ ጻፈለት። ሆኖም ዛሬ ስሙን ብትፈልጉ ፊት ለፊት የሚመጣው 31 ነው። ይህ የበረኛ ዕጣ ነው ይሉኛል የቡድናችን ልጆች። አጥቂ አሥር ስቶ አንድ ካገባ ጀግና ነው። በረኛ አሥር አድኖ አንድ ከገባበት "ምን ነካው?" ይባላል። ሰሌዳው ያዳንከውን የሚጽፍበት ቦታ የለውም። ሃያ ዓመት ጎል ውስጥ ቆሜ ይህ አልተለመደልኝም፤ እንዲለመድልኝም አልፈልግም።

ባልደረባዬ ጋ ተመልሼ ይቅርታ ጠየቅሁት። ወረቀቴን አሳየሁት፤ 66ንና 78ን በቀይ አክብቤያቸው ነበር። ጓንቱን አውልቆ በጣቱ ተከተለው። ለካ እሱም አያውቅም ነበር። "12 ደቂቃ" አለ። ከዚያ በሳሞአ ቋንቋ አንድ ነገር ብሎ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። አልመለሰልኝም፤ እኔም አልጠየቅኩት።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የማኅበረሰባችን ልጆች ሜዳ ላይ ይጫወታሉ። እዚህ የተወለዱ ናቸው፤ አማርኛቸው የተሰባበረ ቢሆንም "በረኛ" የሚለውን ቃል ሁሉም ያውቁታል። ባለፈው ሳምንት አንዱ ልጅ፣ 12 ዓመት ይሆነዋል፣ አምስት ገባበት። ጨዋታው ሲያልቅ ከጎሉ ጀርባ ሄዶ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ጓንቱን አላወለቀም። አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ።

"ጋሼ፣ አምስት ገባብኝ" አለኝ፤ ቀና ሳይል።

"እሱን አየሁ። ስንት አዳንክ?"

ዞሮ አየኝ። ጥያቄው አልገባውም መሰለኝ፤ በእንግሊዝኛ ደገምኩለት። ሜዳውን ማየት ጀመረ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ግራ እጁን አወጣና በጓንቱ ወፍራም ጣቶች አንድ በአንድ መቁጠር ጀመረ። ሰባት ላይ ቆመ።

"ቆይ" አለ። "የግራዋን ረሳኋት። ቋሚውን የነካችዋን። እሷንም እኔ ነኝ የነካኋት።"

ስምንተኛውን ጣት ዘረጋ።